«ወይም» ነው «ወይስ»? ለእማዬ የተረጎምኩት ፊልም

እማዬ ልትጠይቀኝ ፓሪስ ስትመጣ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አትሰማም። እኔ ደግሞ ነፍሴ የሚወደው ፊልም አለ፤ ከሷ ጋር ማየት እፈልግ ነበር። ከመምጣቷ አራት ወር ቀደም ብዬ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ከሥር የሚነበብ የአማርኛ ትርጉም ልሠራለት ጀመርኩ።

ፊልሙ የፈረንሳዩ ዳይሬክተር የአላን ሬኔ «ስሞኪንግ» ነው። መንትያው «ኖ ስሞኪንግ» ይባላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1993 አብረው ወጡ። መነሻቸው የእንግሊዙ ጸሐፊ አለን ኤክቦርን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ስካርቦሮ ከተማ መድረክ ላይ ያወጣቸው ስምንት የተሳሰሩ ኮሜዲዎች ናቸው። አኜስ ዣዊና ዣን-ፒየር ባክሪ ስድስቱን መርጠው ለሬኔ ወደ ፈረንሳይኛ መለሷቸው።

ሲሊያ የርዕሰ መምህር ሚስት ናት። ከቤት ወደ ግቢው ስትወጣ ጠረጴዛ ላይ የሲጋራ ፓኮ ታያለች። ካጨሰች አንድ ሕይወት፣ ካላጨሰች ሌላ ሕይወት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው የሚመልሰው መልስ በተለወጠ ቁጥር መንገዱ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ፊልም ስድስት መጨረሻ አለ። በአንዱ የሞተ ሰው በሌላው ቆሞ ይሄዳል። ዘጠኙን ሰዎች የሚጫወቱት ደግሞ ሁለት ተዋንያን ብቻ ናቸው፤ ሳቢን አዜማ አምስቱን ሴቶች፣ ፒየር አርዲቲ አራቱን ወንዶች።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከመጀመሪያው ደቂቃ ተነስቼ ዝም ብዬ ወደፊት መተርጎሜ ነበር። ፊልሙ ግን ወደፊት ብቻ አይሄድም። አንድ መጨረሻ ላይ ይደርስና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያንኑ ንግግር ይደግምና ሌላ መልስ ያሰማል። እኔ ያንን ንግግር መጀመሪያ በአንድ አማርኛ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሌላ አማርኛ ጽፌዋለሁ። እንዲህ ከሆነ የሚያነበው ሰው የት እንደተመለሰ በምን ያውቃል? አንድ ሙሉ ቅዳሜ ትልቅ ወረቀት ወለል ላይ ዘርግቼ የታሪኩን ዛፍ ሳልኩት። ቅርንጫፍ የሚወጣበትን ንግግር ሁሉ በቀይ ጻፍኩ። በቀይ የተጻፈ ነገር በተደገመ ቁጥር ፊደሉ እንኳ እንዳይለወጥ ወሰንኩ። ሥራውን ያዳነልኝ ያ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ግሱ ነበር። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ፈረንሳይኛው ገና አፍ ሲከፈት «አይሆንም» ይላል፤ የኔ ትርጉም ሁለት መስመር ተጉዞ ነው እዚያ የሚደርስ። የአዜማ ፊት ግን አይጠብቅም። ለምሳሌ «ይህን ቤትና ባሌን ጥዬ ካንተ ጋር አልሄድም» ብል ቁርጡ የሚታወቀው ፊቷ ተለውጦ ካበቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ቆራረጥኩት። «አልሄድም። ቤት አለኝ። ባል አለኝ።» ይህን ካወቅኩ በኋላ ያለፈውን ግማሽ እንደገና ጻፍኩት።

አንተና እርስዎም ብዙ ማታ ወሰዱብኝ። ሲሊያና አትክልተኛው ሊዮኔል በፈረንሳይኛ ሲጀምሩ ይከባበራሉ። በአማርኛ ግን የቤቱ እመቤት ለአትክልተኛዋ «አንተ» ብትል ማንንም አይገርምም። እኔም እንደዚያ አደረግኩ። የቤት ሠራተኛዋን ሲልቪንም «እትዬ» አስባልኳት። የአገሬ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ አይቶ «ይሄ እኮ ካዛንቺስ ሆነ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሬኔ ራሱ ታሪኩን ወደ ፈረንሳይ አላመጣውም። ቋንቋው ፈረንሳይኛ ይሁን እንጂ ሰዎቹ በእንግሊዝ ስማቸው፣ ዮርክሻየር ውስጥ ሃተን ቡሼል በምትባል መንደር ነው የሚኖሩት። መንደሯ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠራችው፤ ሣሩም ሰማዩም የፊልሙን ገጽታ የነደፈው የዣክ ሶልኒዬ ሥራ ነው። ያቺን ቦታ እንዳለች መተው ለኔም ትክክል መሰለኝ። «እትዬ» ወጣ፣ የሲሊያ ስም «ወይዘሮ ቲስዴል» ገባ። ሲሊያንና ሊዮኔልንም «እርስዎ» አባባልኳቸው።

የቴክኒኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ ካላስቀመጣችሁት ፊደሉ ይበላሻል። የኔ ቴሌቪዥን የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ ሁሉንም ባዶ ሳጥን አድርጎ አሳየኝ፤ ኮምፒውተሩን በኬብል አገናኝቼ ተገላገልኩ። በአንድ ጊዜ ከሁለት አጭር መስመር በላይ አታሳዩ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን አንድ ቃል ነው። መንገዱ ሲከፈል «ኡ ቢየን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። «ወይም» ብዬ ጻፍኩት። መዝገበ ቃላቱም ያንን ነው የሚለው።

እማዬ ሶፋው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ አየች። አዜማ ሠራተኛዋን ሆና ስትመጣ ወዲያው «ድምጿ ያው ነው፤ ትከሻዋን ግን አየኸው? ሌላ ሰው ነው» አለች። ሦስተኛው «ወይም» ላይ አስቆመችኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ለምን ወይም ይላል? ወይም ሲባል እኮ ሁለቱም ያው ነው ማለት ነው። ቡና ወይም ሻይ። እሷ ግን ሕይወቷን ነው የምትመርጠው። ወይስ በለው።»

ፊልሙን አቁሜ ፋይሉን ከፈትኩ። እማዬ ሻይ እስክታፈላ ድረስ ሁሉንም ለወጥኳቸው። «ወይስ» ሲል ጽሑፉ ይጠይቃል፤ የሚያየውም ሰው ቀና ብሎ መልሱን ይጠብቃል። ተመልሰን ከመጀመሪያው፣ ከሲጋራው ጀመርን።

አሁን አዲስ አበባ ተመልሳለች። በስልክ ስንገናኝ «ያላጨሰችውስ የት ደረሰች?» ትለኛለች። «ኖ ስሞኪንግ» ላይ ነኝ፤ ዛፉን ስዬ ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛው «ወይስ» ጋ ደርሻለሁ።