ሦስተኛዋ ደም ቅዳ

ጉሙ ዛሬም ከጦሳ ወርዶ ደሴን ውጧታል። መብራት የለም። ከጎረቤት ቡና ይወቀጣል፦ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዝም። ዱቅ። ዝም ስትል እጇን እያራገፈች ይሆን? እንዲህ ባለ ምሽት ሰው ትዝታው ይቀሰቀሳል፤ እኔን ሚዲያን ነርቭ፣ በክንድ መሃል ወርዶ አውራ ጣትንና ጎረቤቶቹን የሚያገለግለው።

እጅ ማራገፍ ራሱ ይናገራል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ፣ ሲያራግፉት ቀለል የሚል መደንዘዝ ብዙውን ጊዜ ከእጅ አንጓ ነው፤ ነርቩ የሚያልፍበት ዋሻ ሲጠብ፣ ካርፓል ተነል የሚሉት። ቀን ሥራ ላይ የሚብሰው፣ እርጥብ ጋቢ ጠምዝዞ ሲጨምቁ የሚነሳው፣ ከክርን ዝቅ ብለው ሲጫኑት የሚያመው ግን ወደ ክንድ ያስኬዳል። ቁርጡን የሚነግረው መዳፍ ነው። ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ ቆዳ የሚያገለግለው ቅርንጫፍ፣ አንጓው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ከነርቩ ተለይቶ በዋሻው ላይ ያልፋል እንጂ ውስጡ አይገባም። ዋሻው ቢጠብ ያ ቆዳ ደህና ነው። እሱም ከደነዘዘ አንጓውን መቅደድ ከንቱ ድካም ነው።

ክንድ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጡንቻ እንከሳለን። ፕሮኔተር ቴሬስ በሁለት ራሱ መሃል ነርቩን ያሳልፋልና ጥርጣሬው አያንሰውም። ሚዲያን የምትባለውን ደም ቅዳ ግን ማን ያስታውሳታል? ፅንስ ሳለን ለእጅ ደም የምታደርሰው እሷ ነበረች፤ ከሚዲያን ነርቭ ጋር ተጣብቃ የምትወርደው። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ገደማ ሥራዋን ለራዲያልና ለአልናር፣ ለሁለቱ የእጅ ደም ቅዳዎች፣ አስረክባ ትከስማለች ተብለን ተምረናል። አንዳንዱ ሰው ላይ አትከስምም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ78 ክንዶች 26ቱ ላይ አግኝተዋታል። ሲሶ! አብዛኛው ባለቤቷ ሳያውቃት አብራው ታረጃለች። ነገር የሚመጣው ነርቩን ሰንጥቃ ስታልፍ፣ ስትወፍር ወይም ደም ሲረጋባት ነው። ከረጋባት ደግሞ ሕመሙ ድንገት ነው፤ ቀስ በቀስ አይደለም።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ክንድ ላይ ላለ ጭምቀት ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ብሎ ይመልሳል። ደህና አለመሆኑን የሚያውቀው ጣቱ ነው። የደም ፍሰት የሚያሳይ ዶፕለር ያለው አልትራሳውንድ ያሳያታል፣ ግን ከአንጓ እስከ ክርን ነርቩን ተከትሎ ለሄደ ሰው። አንጓ ላይ ብቻ አይቶ የሚነሳ ሰው ልታመልጠው ትችላለች።

ቀዶ ጥገናው ላይ ነው ልቤ የሚፈራው። ነርቩን ከጨመቀች አስሮ መቁረጥ ቀላል ይመስላል። ጣቶቹን የምትመግበው እሷ ብትሆንስ? ስለዚህ አስቀድሞ እጅን ጨብጦ፣ አንጓ ላይ ሁለቱን ደም ቅዳዎች መጫን፣ ከዚያ መዳፉን መክፈት ነው። መገርጣት አለበት። ሁለቱም በደንብ ተጭነው አልገረጣም ካለ ሦስተኛ መንገድ አለ ብሎ መጠርጠር ነው።

ይኸው አንጓዬን ጨብጬ መዳፌ እስኪገረጣ አፍጥጫለሁ። በዚህ ጨለማ! ዘነዘናውስ መቼ ነው ያቆመው?