ከተላጨ ራስ ላይ ጭንቀት እንዴት ይለካል?

አያቴን «ተጨንቀዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ቁጭ ብድግ እያሉ፣ በሩን እየገፉ፣ ላብ በላብ ሆነውም መልሱ ያው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሕመማቸውን ሐኪሙ አልዛይመር ብሎታል፤ ጎረቤቱ ደግሞ «ጃጅተዋል» ይላል። ቆብ ከደፉ ወዲህ ቤተሰቡም ሰፈሩም እማሆይ ነው የሚላቸው። የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ ነው። ሐሳባቸው ግን ጮቄ ሥር ካለው ቀዬአቸው ንቅንቅ አላለም።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ስኳር፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ የወባ ደም ስመረምር ነው የምውለው። ቤተሰቡ «ምን ሆነው ነው?» ሲል እኔ «በምን ይለካል?» እላለሁ። የሙያ በሽታ በሉት።

በየአገሩ ብዙ የሚሠራበት አንድ የጭንቀት መጠይቅ አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ጥያቄዎቹ «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ምን ያህል ጊዜ…» እያሉ ይቀጥላሉ። እማሆይ ቁርስ መብላታቸውንም አያስታውሱ። እንዲያውም አንዱ ጭንቀታቸው ይኸው ነው፤ «ጾም ገድፌ ይሆን?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ይውላሉ። ስለዚህ መጠይቁን ተውነው።

ቀጥሎ ያለው ኮርቲሶል ነው፤ ስንጨነቅ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች በብዛት የሚያመነጩት ሆርሞን። ጠዋት ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይወርዳል። ከእንቅልፍ በነቃን በግማሽ ሰዓት ገደማ ደግሞ ጣሪያ ይነካል። መጠኑ ሲበዛ «በቃ» ብለው ፍሬን ከሚይዙት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ይባላል። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱም እሱ ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ይላላል። ብዙ የአልዛይመር ሕመምተኞች ላይ ኮርቲሶል ከፍ ብሎ መገኘቱ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ ከየት ይወሰድ? ከደም እንዳይባል መርፌው ራሱ ያስደነግጣቸዋል። የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም የማይታሰብ ነው። ምራቅ ቀላል ይመስላል፤ ትንሽ ጥጥ ታኝካላችሁ፣ ጥጡ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ አለቀ። እማሆይ ግን አፋቸው ይደርቃል። ጥጡን ይውጡታል ብሎ መስጋትም አለ። ደግሞስ ቅዳሴ ሳይወጣ አፋቸው ውስጥ የሆነ ነገር ልክተት ብል ማን ይሰማኛል! ምራቅ የሚነግረን የዚያችን ሰዓት ብቻ መሆኑም አለ። እኔ የፈለግሁት የከረመውን ነው።

የከረመውን የሚይዘው ጸጉር ነው። ጸጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሲያድግ በሰውነት ውስጥ ካለው ኮርቲሶል እየያዘ ነው። ከራስ ቅል ኋላ በኩል፣ ከቆዳው ተጠግቶ 3 ሳንቲ ሜትር ከተቆረጠ የሦስት ወር ታሪክ አለበት። ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ይለካል። መርፌ የለ፣ ማስታወስ የለ፣ የሰዓት ጣጣ የለ። ለመርሳት ሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

አንድ ችግር ብቻ። እማሆይ መነኩሴ ናቸው። ሳይንሱ 3 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ እሳቸው ራስ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የለም። በየጊዜው በምላጭ ይላጫሉ። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባል ሞቶባቸው፣ ልጆች ድረው ቆብ የደፉ አሮጊት ስንት ናቸው! ይህን ዘዴ ያሰበ ሰው እኛ ሰፈር አልኖረም።

ጥፍርስ? እሱም ኮርቲሶል ይይዛል፤ ተመራማሪዎች ለክተውታል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ዛሬ የምንቆርጠው ጫፍ ከወራት በፊት የተሠራ ነው። ሐሳቡን ለእናቴ ነገርኳት።

«የእማሆይን ጥፍር ይዘሽ የት ልትሄጂ?»

«ለምርመራ ነዋ፣ እማዬ።»

«በስመ አብ! የሰው ጥፍር ተቆርጦ ይቀበራል እንጂ ይዞ ይዞራል? ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?»

መተት ፈርታ ነው። አልተከራከርኩም፤ እኛ ላብራቶሪ የጥፍር ኮርቲሶል አይሠራም፣ ለምን እንጣላ? ደግሞ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ቁጥሩ ይዛባል። ቁጥሩ ቢስተካከልስ? «ባለፉት ወራት ብዙ ተጨንቀዋል» ይለኛል። በምን? እሱን ጸጉርም ጥፍርም አይናገርም።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። መናገር ለማይችሉ የመርሳት ሕመምተኞች የሕመም ስሜት መለኪያ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ዘዴ አለ። ትንፋሽ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት አኳኋን፣ ሲያባብሏቸው መረጋጋታቸው ይታያል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ለጭንቀት ተብሎ የተሠራ አይደለም። የማየት ዘዴውን ግን ከእሱ ወሰድኩ፤ የእማሆይን እጅ ጨመርኩበት።

እጃቸው ብዙ ያወራል። ደህና ሲሆኑ መቁጠሪያቸውን አንድ አንድ ፍሬ እያሳለፉ ነው፤ አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲረበሹ ከንፈራቸው ይቆማል፣ ጣታቸው ግን ይሮጣል፤ ሁለት ሦስቱን ፍሬ አንድ ላይ ይገፋል። ሲብስባቸው መቁጠሪያው እንዳለ መዳፋቸው ውስጥ ይጠቀለላል፤ መስቀሉ ቆዳቸው ላይ ምልክት እስኪተው ይጨብጡታል። ሦስት ደረጃ አወጣሁለት። የቤታችን ሠራተኛ ሳትቀር ታውቀዋለች፤ «ዛሬ ጨብጠዋል» ትለኛለች በስልክ።

ሲመሽ ይብስባቸዋል። ቀን ሲያዘቀዝቅ መረበሽ በዚህ ሕመም የታወቀ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ደብተሩ ግን አንድ ነገር አሳየን፤ መብራት የጠፋባቸው ምሽቶች ላይ መቁጠሪያው አንድ አንድ ነው የሚሄደው። በጨለማ መረጋጋት? ነገሩ ቴሌቪዥኑ ነበር። ኮት የለበሰ ሰው ሳሎናችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ያወራል፣ አንዱ ይወጣል ሌላው ይገባል፣ መሶብ ግን አይቀርብም! «ሰዎቹ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው?» ይሉ ነበር፤ እኛ ደግሞ የድሮ ነገር ትዝ ብሏቸው ይመስለን ነበር። እንግዳን ሳያበሉ መሸኘት ለአንዲት የጎጃም ባለ ቤት ምን እንደሆነ አስቡት። በየማታው! ቴሌቪዥኑ ወደ ጓዳ ገባ። ወንድሜ በኳስ ሰዓት እያጉረመረመ ነው፤ ይልመደው።

የሚገርመው፣ ከተማው ዳር ተኩስ ሲሰማ ያደረ ሌሊት ላይ «ደህና ተኙ» የሚል ተጽፏል። ያልተኛነው እኛ ነን። ተመራማሪዎች የአስታማሚንም ጸጉር መርምረዋል፤ የእናቴ ረጅም ስለሆነ ናሙናውማ ሞልቶ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ መቁጠሪያውን መጨበጡ በድንገት ቀንም ሌሊትም ሆነ። ደብተሩን ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን። አገላብጦ አየና መጀመሪያ ያዘዘው ሽንት ነው። ራሴ በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ፐስ ሴል፣ ማለትም የመግል ሕዋስ፣ ሞልቶታል። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒቱን ሲጨርሱ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ሽማግሌና አሮጊት ላይ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታየው በትኩሳት ሳይሆን በመረበሽ ነው።

እናንተም ደብተር ከጀመራችሁ «ተጨነቁ» ብላችሁ አትጻፉ። ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ እጃቸው ያደረገውን ጻፉ። ሆዳቸው ከደረቀ፣ ሽንት ካቃጠላቸው፣ ምን እንደዋጡም ይግባ። ጽሑፉ ቆንጆ የሆነ ሰው ቢጽፈው ደግሞ ይመረጣል፤ የኔን ለማንበብ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አድርጓል።