90 ነው ወይስ 91?

ምስክርነት ስጥ ሲሉኝ ድሮ እሸሽ ነበር። የሚነገር "የድሮ ሕይወት" የለኝማ። መድረክ ላይ የሚወጡት ወንድሞች ከመጠጥ፣ ከጫት፣ ከጠንቋይ ቤት ነው የመጡት። ሲናገሩ ሰው ያለቅሳል። እኔ ጌታን የተቀበልኩት በ13 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁት ትልቁ ኃጢአት የጎረቤት ዘይቱን መስረቅ ነው። ዘይቱኑ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይጣፍጥ ነበር።

አሁን ግን ስልሳን እየተጠጋሁ ነው። የልጅነቴን ነገር ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። አንዳንዱን ነገር ሳያስፈልገኝ በፊት ነው የያዝኩት። ባስፈለገኝ ሌሊት ለመማር ጊዜ አልነበረም።

ያደግኩት ናዝሬት ነው፤ ዛሬ አዳማ የምንላት። ሰፈራችን ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሆኖ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል። ትምህርቱን አልገፋበትም፤ ዳዊቱ ግን አብሮት ቀረ። ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል። ጋቢውን ይከናነባል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይደግማል። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ይደርሳል። እኔ ግዕዝ አልችልም። ድምፁ ግን ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከእንቅልፌ የምነቃው በእሱ ነበር።

ወደ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የወሰደኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው። "አኮርዲዮን አለ፣ ና" አለኝ። ለወንጌል ብዬ ሄድኩ ብል እዋሻለሁ፤ ለአኮርዲዮኑ ነው የሄድኩት። ልጆችን የምታስተምር አንዲት ሴት ነበረች። እትዬ ነበር የምንላት። በየሳምንቱ ጥቅስ በቃል ታስይዘናለች፤ ላጠና ከረሜላ ትሰጣለች። አንድ ቀን "ለምንድነው በቃል የምንይዘው? መጽሐፉ አለ አይደል?" አልኳት። "መጽሐፍ ይቀማል፤ ሆድህ ውስጥ ያለውን ማን ይቀማሃል?" አለችኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ከረሜላውን ተቀበልኩ።

በ1973 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መጽሐፈ መክብብ 12ን አስተማረችን። "የጭንቀት ቀን ሳይመጣ በጕብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ።" ከዚያ "ቤት ጣራው የሚከደነው ክረምት ሳይገባ ነው" አለች። በዚያን ቀን ተንበርክኬ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። መብረቅ አልወረደም። አላለቀስኩም። ወደ ቤት ስሄድ ግን እየሮጥኩ ነበር፤ ለምን እንደምሮጥ አላውቅም። በዚያው ሰሞን መዝሙር 91ን ሙሉውን፣ 16ቱንም ቁጥር፣ በቃሌ ያዝኩ። ረጅም ስለሆነ ሦስት ከረሜላ አስገኘልኝ።

ዘጠኝ ወር አለፈ። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኗን ዘጋ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ። መሪዎቿ ታሰሩ፤ ከአራት ዓመት በላይ የቆዩ አሉ። ያኔ የምእመኗ ቁጥር ወደ 5,000 ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በየሰው ቤት ሆነ። ከአምስት ከበለጥን ለሁለት እንከፈላለን። አንድ በአንድ እንገባለን፣ አንድ በአንድ እንወጣለን። ጫማችን በር ላይ አይቀመጥም። ቡና ይፈላል፤ ሰው ድንገት ቢመጣ ቡና ጠጪዎች ነን። መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው። ድምፅ የሌለው መዝሙር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በኋላ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው ስንት አዳራሽ ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝማሬ ግን አላጋጠመኝም። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ያ 5,000 ወደ 34,000 ደርሶ ነበር የወጣው። ይህንን የሰማሁ ቀን ያ ቡና ትዝ አለኝ።

አባቴ ጌታን መቀበሌን የሰማው በየካቲት ነው። ጎረቤት ነገረው። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻል ነበር። ራቱን ትቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ "እኔ ቤት ሁለት ሃይማኖት የለም" አለ። እናቴ ለመነችው። በማግስቱ ልብሴን በፌስታል ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አምስት ወር ሙሉ አላናገረኝም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። እኔም በልጅነቴ ክፉ ነበርኩ፤ "ጌታ ይፍረድበት" ብዬ የጸለይኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱን ጸሎት እግዚአብሔር ባለመስማቱ አመሰግነዋለሁ።

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ተዘግቷል፤ የቀበሌው ወጣት ለስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ!" ይላል። እኔ እጄን አነሳለሁ፤ አፌን ግን አላንቀሳቅስም። ብዙ ጊዜ አለፈልኝ። አንድ ዓርብ ግን አንዱ አየኝ። ተፈተሽኩ። ኪሴ ውስጥ መዝሙር 91ን የገለበጥኩባት ትንሽ ደብተር ተገኘች። ሊቀመንበሩ ቀደዳት። "የሲአይኤ ተላላኪ!" አለኝ። ሲአይኤ የሆነ ሰው ስም ነበር የመሰለኝ።

የታሰርነው በቀበሌው መጋዘን ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመታው ጎንህ ያለው ሰው የሚልህ አይሰማም። ስምንት ነበርን። አጠገቤ ስኳር በድብቅ ሸጠሃል የተባሉ የወንጂ ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስላደርኩ "ምን እያልክ ነው ልጄ?" አሉኝ። ደብተሩ ተቀዷል፤ መዝሙሩ ግን እንዳለ ነበር። እትዬ ትዝ አለችኝ። ጮክ ብዬ አልኩላቸው፤ ዝናቡ ስለሚጮህ ጥበቃው አይሰማም።

"በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።"

"ያድራል?" አሉኝ።

"ያድራል።"

"እኛ ግን መጋዘን ውስጥ ነው ያደርነው" ብለው ሳቁ። ቢሆንም በማግስቱ ድገምልኝ አሉ።

እኔ የምጸልየው አንድ ነገር ነበር፤ "ዛሬ አውጣኝ።" ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ሰኞም። ማክሰኞ ላይ መለመኑ ሰለቸኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፣ ምስክርነት ነውና። ረቡዕ ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። "አንዴ ብቻ በልና ወደ እናትህ ሂድ" አለኝ። ልል ነበር። ወስኜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ድምፅ እምቢ አለ። ጀግንነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እሱ ግን የናቅኩት መሰለውና በጥፊ መታኝ፤ መለሱኝ። ሽማግሌው "ጎበዝ!" አሉኝ። አፈርኩ። ዛሬ ድረስ ያ ጉሮሮ ማን እንዳደረቀው እጠይቃለሁ፤ መልሱንም የማውቅ ይመስለኛል።

ሐሙስ ሌሊት ዝናቡ አባርቶ ነበር። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ። ቤቴ የተኛሁ መሰለኝ። ነቃሁ። መጋዘኑ ነው። ድምፁ ግን አልጠፋም። ከቆርቆሮው ማዶ፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሰዓት እላፊ እንዳበቃ መጥቶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። እኔን አልጠራኝም። ዳዊቱን ነው የሚደግመው፣ እንደ ሁልጊዜው።

"ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል። ወይነብር ውስተ ጽላሎቱ ለአምላከ ሰማይ።"

ልዑል የሚለውን ያዝኩ። ጽላሎቱ ሲል ጥላ መሆኑ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በየሐሙሱ ስሰማው የኖርኩት፣ ሦስት ከረሜላ ያስገኘልኝ መዝሙር ነበር! አላስቻለኝም። ቆርቆሮው ላይ አፌን አድርጌ በአማርኛ ቀጠልኩ። "እግዚአብሔርን፦ አንተ መታመኛዬ ነህ እለዋለሁ።"

አባቴ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር። ባቡር ጣቢያው ዘንድ ውሻ ይጮሃል።

"ይሄ እናንተም ዘንድ አለ?" አለ።

"አለ አባባ።"

"ስንተኛው ነው?"

"91ኛው።"

"90 ነው!" አለኝ፤ በኃይል። "ቁጥሩን እንኳ አበላሽተውባችኋል።"

ሳቅኩ። ከአምስት ወር በኋላ የተነጋገርነው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ "በልተሃል?" አለኝ። በልቻለሁ አልኩ። እያለቀስኩ ስለነበር በደንብ የተሰማው አልመሰለኝም። ጥበቃው አሮጌ ጠመንጃ የያዙ ሰውዬ ናቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመው ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ "አውጣኝ" ማለት ተውኩ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ይቸግረኛል። መውጣት ፈልጌ አልነበረም ማለት አይደለም። ግን እግዚአብሔር እዚያው መጋዘኑ ድረስ መጥቶ፣ እኔ እንዲፈርድበት የለመንኩትን ሰው ይዞልኝ እንደመጣ ገባኝ። ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም ሌሊት አባቴ መጣ። እሱ በግዕዝ፣ እኔ በአማርኛ። የወንጂው ሽማግሌ መሐል ተቀምጠው "አሜን" ይላሉ፤ ለሁለታችንም።

ሰኞ፣ በ11ኛው ቀን፣ አባቴ ዋስ ሆኖ አስፈታኝ። "ልጄ ወደ መጤ ሃይማኖት እንዳይመለስ አደርጋለሁ" የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ፊርማውን ሳይ ልቤ ወደቀ። መንገድ ላይ አንገቴን ደፍቼ ከኋላው እሄዳለሁ። ድልድዩን ካለፍን በኋላ ሳይዞር "ፈረምኩ እንጂ አልማልኩም" አለኝ።

ወደ አክስቴ ሳይሆን ወደ ቤት ነው የወሰደኝ። እናቴ ያዘጋጀችው ዶሮ ነበር፤ እሱን ከተረኩ አላበቃም።

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ለመውጣት ተነሳሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

"ወዴት ነው?"

ልዋሽ አስቤ ተውኩ። "ለጸሎት" አልኩ።

ሰማዩን አየ። ደመናው ጠቁሯል። "ዣንጥላውን ያዝ" አለኝ።

አባቴ እስኪያርፍ ድረስ ኦርቶዶክስ ነው የኖረው፣ እኔም በያዝኩት ጸናሁ። ስለ ሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም፤ ስለዚያ ስለ ቁጥሩ ካልሆነ በቀር። የሞተ ጊዜ ወንድሞቼ ዳዊቱን ለእኔ ሰጡኝ። ቆዳው ያረጀ፣ ጠርዙ በጣት የጠቆረ መጽሐፍ ነው። ሰው ከሄደ በኋላ ብቻዬን ገለጥኩት። የሐሙሱን ክፍል ፈልጌ አገኘሁ። ፺ ይላል በቀይ። ከጎኑ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ በአባቴ እጅ ጽሑፍ፣ በጣም በትንሹ ፺፩ ተብሎ ተጽፏል።