ሰብሉ አልቆ ገበያው የቀረላት ከተማ

ቅዳሜ ሥራ ከሌለኝ ሳፍሮን ዋልደን እሄዳለሁ። የምኖረው ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ ስለሆነ በአውቶቡስ ብዙም አይርቀኝም። የምሄደው ለገበያ ነው፤ ድንቹንም ዳቦውንም እዚያ እገዛለሁ። ከተማዋን እየወደድኳት ስመጣ ግን ታሪኳን ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ አልፌው የነበረው ግድግዳና መንገድ ሁሉ ይናገረኝ ጀመር። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሷ ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳፍሮን ዋልደን ከካምብሪጅ በስተደቡብ፣ ኤሴክስ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ገበያዋ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። በድሮ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ማንም ተነስቶ ገበያ ማቆም አይችልም ነበር። ከዘውዱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈቃዱን የያዘው ጌታ ደግሞ ከሻጮቹ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ገበያ ማለት ገንዘብ ነበር፤ ገበያ ማለት ሥልጣንም ነበር።

ዋልደን ገበያውን ያገኘችው በ1141 ነው፤ ያውም ከጎረቤት ተወስዶ። ጊዜው ንጉሥ ስቲቨንና እቴጌ ማቲልዳ ለዙፋኑ የሚዋጉበት ነበር። ጄፍሪ ደ ማንድቪል የሚባል ኃያል መስፍን ዋልደን ላይ ግንብ ነበረው። ማቲልዳ የእሱን ድጋፍ ፈለገች፤ እሱም ድጋፉን በነጻ አልሰጠም። ከፈቀደችለት ነገሮች አንዱ ኒውፖርት ላይ ይቆም የነበረውን ገበያ ወደ ግንቡ ደጃፍ እንዲያዛውር ነበር። ኒውፖርት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። የኒውፖርት ሰዎች ምን እንዳሉ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም። ጄፍሪ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1144፣ በንጉሡ ላይ እንዳመፀ ሞተ። ከግንቡ ዛሬ የቀረው ከሙዚየሙ አጠገብ ያለ የባልጩት ድንጋይ ፍርስራሽ ነው። ገበያው ግን አሁንም አለ።

ከአደባባዩ ጎን ጠባብ ጠባብ መንገዶች አሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወዳቸው እነሱን ነው። አንዱ ሥጋ ተራ ነው፤ ሌላው ጨርቅ ተራ። መጀመሪያ በገበያ ቀን ተተክለው ማታ የሚነሱ መደቦች ነበሩ። ከዚያ ሻጩ መደቡን ሳያነሳው ማደር ጀመረ። ቆይቶ ጣሪያ አደረገለት፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ከላይ መኖሪያ። እንዲህ እንዲህ እያለ የመካከለኛው ዘመን መደብ ሱቅ ሆኖ ቀረ። መንገዶቹ የጠበቡት ለዚህ ነው። በመደብና በመደብ መካከል ሰው የሚተላለፍባት ክፍተት ነበረች፤ ዛሬም በዚያችው ልክ ናት። እዚያ ስሄድ ከሰው ጋር ትከሻ መነካካቴ አይቀርም፤ ደስ ይለኛል።

ቤቶቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ የእንጨት መዋቅር ያላቸው ናቸው፤ በእንጨቶቹ መሃል ጭራሮ ተጠልፎ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ተመርጎበታል። የእኛ አገር ጭቃ ቤት የሚሠራበት ብልሃት ማለት ነው። በላዩ ላይ ኖራ ይለሰናል። ልስኑ ሳይደርቅ ደግሞ ቅርጽ ያወጡበታል። የዚህ ዓይነቱ ጥበብ ትልቁ ማሳያ ኦልድ ሰን ኢን የሚባለው ሕንጻ ነው። ግድግዳው ላይ 1676 የሚል ቁጥር አለ። ቶም ሂካትሪፍት የሚባለው የተረት ጀግና ከዊዝቢች ከተማው ግዙፍ ሰው ጋር ተፋጦ ይታያል። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ እዚህ ግድግዳ ፊት ባቆመው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሳፍሮኑ፤ ከአበባ የሚገኝ ውድ ቅመም ነው። ከተማዋ በፊት ቺፒንግ ዋልደን ነበር የምትባለው፤ የዛሬ ስሟን የሰጣት ሰብሏ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በዙሪያዋ ያለው ማሳ በመከር ወቅት ሐምራዊ ይሆን ነበር። ከእያንዳንዱ አበባ መሃል ሦስት ቀይ ክሮች ብቻ ይወጣሉ። አንድ ግራም ደረቅ ሳፍሮን ለማግኘት 150 ያህል አበባ ያስፈልጋል። አበባው ቶሎ ስለሚጠወልግ ገና በማለዳ ይለቀማል። ከዚያ ቤት ተገብቶ ክሩ አንድ በአንድ ይነቀላል፣ በእሳት ሙቀት ይደርቃል፣ ተጨፍልቆም እንደ ጠፍጣፋ ቂጣ ይደረጋል። ምግብ ላይ ይገባ ነበር፣ ጨርቅ ይቀለምበት ነበር፣ ለመድኃኒትም ይፈለግ ነበር። ከተማዋ ለሚመጡ ነገሥታት ገጸ በረከት ስትሰጥ ሳፍሮን ነበር የምታቀርበው። ወደ እንግሊዝ እንዴት እንደገባም ተረት አላቸው። አንድ ተሳላሚ ከሩቅ አገር ሲመለስ ውስጡ ክፍት በሆነ በትሩ ደብቆ አመጣው ይላሉ። ተረት ነው፤ ግን እንዴት ያለ ውድ ነገር እንደነበር ይነግረናል።

የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ዘመን ሀብት ምስክር ናት። በኤሴክስ ካሉት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ትልቋ ናት። የዛሬውን መልኳን ያገኘችው በአብዛኛው ከ1450 እስከ 1525 ባለው ጊዜ ነው። ውስጧ፣ ከቅስቶቹ አንዱ ላይ፣ የሳፍሮን አበባ በድንጋይ ተቀርጿል። ትንሽ ስለሆነ ሳያዩት ማለፍ ቀላል ነው። በጸሎት ሥፍራው ውስጥ የሚተዳደርበትን ሰብል የሚቀርጽ ሕዝብ ያንን ሰብል ምን ያህል ያከብረው እንደነበር አስቡት።

በዚችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ1647 ሌላ ነገር ሆኗል። ንጉሡና ፓርላማው የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ጋብ ብሎ የፓርላማው ጦር በአካባቢው ሰፍሮ ነበር። ፓርላማው ከጦሩ ከፊሉን ሊበትን፣ ከፊሉን ወደ አየርላንድ ሊልክ ፈለገ። ወታደሮቹ ግን ውዝፍ ደሞዛቸው አልተከፈላቸውም ነበር። የራሳቸውን ተወካዮች መርጠው ጥያቄ አቀረቡ። ከጦሩ መሪዎች አንዱ የነበረውን ኦሊቨር ክሮምዌልን ጨምሮ የፓርላማው መልእክተኞች መጥተው ከመኮንኖቹ ጋር የተነጋገሩት እዚያ ነው። ደሞዝ ሲዘገይብኝ ቤት ኪራይ እንዴት እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁና ይህ ታሪክ ልቤን ይነካኛል። ከደሞዝ ጥያቄ የተነሳው ክርክር ያን ዓመት ሳያልቅ ማን የመምረጥ መብት አለው ወደሚል ክርክር አድጓል።

ሳፍሮኑ አልዘለቀም። ልፋቱ ብዙ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ረከሰ፤ የሰውም ጣዕም ተለወጠ። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ማሳው ከሳፍሮን ጸድቶ ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ከተማዋም አብራ ባለቀች። ዋልደን ግን ገብስ ነበራት። ገብሱን ብቅል እያደረገች ኖረች። ገበሬው ገብሱን ይዞ የሚመጣው ሳፍሮኑ ይሸጥበት ወደነበረው ገበያ ነው። ገዢና ሻጭ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ቦታ መገናኘት ለምደዋል። እኔ ከተማዋን ያቆየው ይህ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በብቅሉ ዘመን ጎልቶ የወጣው የጊብሰን ቤተሰብ ነው። ኩዌከር የሚባለው የፕሮቴስታንት ክርስትና ወገን ተከታዮች ነበሩ፤ ቢራ ጠማቂዎች፣ በኋላም ባንከኞች ሆኑ። ባንካቸው በ1896 ትልቁ የእንግሊዝ ባንክ ባርክሌይስ ከተመሠረተባቸው ባንኮች አንዱ ነው። ጆርጅ ስቴሲ ጊብሰን ባንከኛም የዕፅዋት ተመራማሪም ነበር። አደባባዩ መሃል ያለውን በ1863 የቆመ የውሃ ምንጭ ለከተማው የሰጠው ይህ ቤተሰብ ነው። ያተረፈበትን ከተማ አልረሳም፤ ይህንን አከብርለታለሁ።

ከገበያው ትንሽ ወጣ ብሎ ሰፊ የጋራ መስክ አለ። እዚያ ሣሩ ላይ የተቆረጠ ክብ ጠመዝማዛ መንገድ ይገኛል። በመዝገብ የሚታወቀው ከ1699 ጀምሮ ነው። በእንግሊዝ ካሉት የዚህ ዓይነቶች ትልቁ ነው፤ መንገዱ አንድ ማይል ያህል ይሆናል። መሳሳት የለበትም፤ አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ እየዞረ እየዞረ መሃል ያደርሳል። ልጄ መስመሩን እየዘለለች ቀጥታ መሃል ትገባለች። እኔ ዞሬ እስክደርስ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

የባቡሩን ነገር ሳልጽፍ ማቆም አልፈልግም። በ1845 ከለንደን ወደ ካምብሪጅ የሚሄደው ሐዲድ ሲዘረጋ ዋልደንን ወደ ጎን ትቷት አለፈ። ኦድሊ ኤንድ የሚባለው ጣቢያዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተሠራ። በ1865 አንድ ቅርንጫፍ ሐዲድ ደረሰላት፤ እሱም በ1964 ለመንገደኞች ተዘጋ። ሰዎች ይህንን እንደ ጉዳት ሲያወሩት እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ለንደን ለሚሠራ ሰው ያደክማል። እኔ ግን ከባድ ፋብሪካ ስላልመጣባት ነው አሮጌዎቹ ቤቶች የተረፉት ባይ ነኝ። ዋጋቸው ዛሬ እዚያ ተወልዶ ያደገ ወጣት የማይቀምሰው መሆኑ ያሳዝነኛል።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ በኒውፖርት በኩል ያልፋል። ቆንጆ መንደር ናት፤ ገበያዋን ግን ያኔ እንደወሰዱባት ነው የቀረችው። ዋልደን ያጣችውን ባቡር ግን እሷ አገኘችው። በ1845ቱ ሐዲድ ላይ ጣቢያ ተሠራላት፤ ዛሬም ወደ ለንደንና ወደ ካምብሪጅ የሚሄደው ባቡር ይቆምባታል። የዋልደን ሰው ለንደን መሄድ ሲፈልግ አንድም ወደ ኦድሊ ኤንድ ጣቢያ፣ አንድም ወደ ኒውፖርት ይመጣል።