ጡረታ ወጥቼ ጧሪ ሆንኩ

60 ዓመት ሲሞላኝ ልደቴን ማንም አላስታወሰም፣ መስሪያ ቤቱ ግን አልረሳኝም፣ ጠዋት ስገባ የጡረታ ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። 34 ዓመት ሂሳብ ክፍል የሰራ ሰው ደግሞ እንዲህ አይነት ደብዳቤ ሲሰጡት አያለቅስም፣ ካልኩሌተር ነው የሚያወጣው። የጡረታ አበሉ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከደሞዝ 30 ከመቶ፣ ከዛ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25፣ 24 ሲባዛ በ1.25 ድፍን 30፣ ተደምሮ 60 ከመቶ። በ60 ዓመቴ የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደሞዜን 60 ከመቶ ማለት ነው። እንዲህ ልክክ ብሎ የሚገጥም ሂሳብ ደስ ይለኛል፣ ብሩ እጄ ላይ እስኪገባ ድረስ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ባልናገር ይሻላል ግን እናገራለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነቃለሁ፣ ተላጭቼ ኮት ለብሼ ሳሎን ቁጭ እላለሁ፣ የምሄድበት የለም። ሲሰለቸኝ ወጥ ቤት ገብቼ ዘይቱ በሳምንት ስንት እንደሚያልቅ ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመርኩ፣ ሽንኩርቱንም እንደዛው። ባለቤቴ ሁለት ሳምንት ታገሰችኝ፣ በሶስተኛው ማማሰያውን እንደያዘች "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ስራ ፈልግ ወይ ገዳም ግባ፣ ወጥ ቤቴን ኦዲት አታድርግብኝ!" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ገዳም አልገባሁም። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ማስደረስ ግን ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ስራ ላይ እያለሁ ቤተክርስቲያን የማውቃት በትንሳኤ በጥምቀትና በሰው ቀብር ነበር፣ አሁን 12 ሰዓት ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ አሮጊቶች ጋር እኩል እደርሳለሁ (አንዳንዴ ይቀድሙኛል፣ መቼ እንደሚተኙ አላውቅም)። ታዲያ አንድ ቀን የንስሐ አባቴን ምን ልጹም ምን ልስገድ ብዬ ስጠይቃቸው ዝም ብለው አዩኝና "ጉልበትህ እንዴት ነው? ደህና ከሆነ አጎንብሰህ ሰው አገልግል" አሉኝ። በቃ ይሄው ነው። እኔ መቶ ስግደት ምናምን ጠብቄ ነበር።

እንዲህ ነው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሄድኩት። ቢኒያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰው አስገብቶ የጀመረው ነገር ዛሬ ምን እንዳከለ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፣ "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውንም ሁላችንም በቴሌቪዥን ሰምተነዋል። እኔ ግን ሰው መሆኔ በቂ አልመሰለኝም፣ ኤክሴል እችላለሁ፣ ሂሳብ አዘጋጃለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። የዛን ቀን የጎደለው ሂሳብ ሰራተኛ አልነበረም። ሳፋ፣ ፎጣና ጥፍር መቁረጫ ያዝኩ።

የሽማግሌ እግር ጥፍር ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የአባቴንም ቆርጬ አላውቅም፣ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ወረቀት እንደመቁረጥ አይደለም፣ ቀንድ ነው። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እግሩን ትነክረዋለህ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለህ፣ ካልራሰ መቁረጫው ይንሸራተታል፣ ከዛ ከዳር ከዳር በትንሽ በትንሹ ነው፣ መሃሉን አንዴ እጨርሳለሁ ካልክ ይሰነጠቅና ስጋ ይነካል። ጥሎብኝ ችኩል ነኝ፣ ይሄንን የተማርኩት በሰው እግር ነው።

አንድ አባት አሉ፣ ለአራት ሐሙስ ስሄድ አንድም ቃል አልተነፈሱልኝም፣ እግራቸውን ይሰጡኛል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በአምስተኛው ሳት ብሎኝ የአውራ ጣታቸውን ጠርዝ ያዝኩት፣ ደም ጠብ አለ፣ እኔ ደንግጬ ሳልጨርስ ሰውየው ዘወር ብለው "ፍሬን ያዝ አንተ! ቁልቁለት ላይ እንዲህ ይነዳል?" አሉኝ። ለካ ዱሮ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ፣ ተሳቢ ነው የነዱት። ከዛ ቀን ጀምሮ ወሬያችን ሌላ ሆነ፣ እኔ እቆርጣለሁ እሳቸው ኮምቦልቻን አልፈው ባቲ ደርሰው አፋር በረሃ ይወርዳሉ፣ ሙቀቱን ሲያወሩት እኔን ያልበኛል። አንዳንዴ ሁለቱንም እግር ጨርሼ እንኳን መኪናው ሚሌ ላይ ስለቆመ መነሳት አይቻልም ሃሃ።

ማቴዎስ 25 ላይ "ታምሜ ጠይቃችሁኛልና" የሚለውን ሳነብ ቶሎ ወደ ሂሳብ ይሄድብኛል፣ ዛሬ ስድስት ሰው፣ ባለፈው ሐሙስ ስምንት፣ በወር ይሄን ያህል... የጽድቅ ሌጀር ከፍቻለሁ ማለት ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸውና ሳቁብኝ። የሙያ በሽታ በጸበልም ቶሎ አይለቅም መሰለኝ።

ሂሳቡን ግን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ተገኘ፣ እድራችን። ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። እድር ማለት እኔ እንደማስበው ወዝጋባ ደብተርና የተቀደደ ድንኳን ነበር፣ ገብቼ ሳየው ትልቅ ንብረት ነው፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ የሻይ በርሜል፣ ሁሉም ይቆጠራል ሁሉም ይፈረምበታል። ወጣቶቹ መዋጮውን በቴሌብር ነው የሚልኩልኝ፣ ትልልቆቹ በወሩ መጀመሪያ እሁድ መሃረብ ፈተው ነው የሚሰጡኝ፣ እኔ ሁለቱንም አንድ መዝገብ ላይ አገናኛለሁ። እና አንዲት እናት አሉ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት አለፋቸው፣ መዝገቡ ላይ ግን አባልነቱ አሁንም በሟቹ ስም ነው። መዝገቡን ወደ ኤክሴል ሳዞር ስሙን ልቀይረው ነበር። "ልጄ" አሉኝ (60 ዓመት ሆኖህ ልጄ ሲሉህ እንዴት ደስ እንደሚል)፣ "በየወሩ እሱን ሲጠሩት አቤት ብዬ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ አትሰርዝብኝ።" አልሰረዝኩም። 34 ዓመት ሙሉ ትክክል ያልሆነ መዝገብ አውቄ ያለፍኩት ይሄ ብቻ ነው።

የጽዋ ማህበራችን ደግሞ በወር በ21 የማርያም ነው፣ እሱ ላይ እኔ አላዝም፣ ሙሴው (የማህበሩ ሰብሳቢ) ሌላ ነው፣ ባለቤቴም እዛ የኔን ካልኩሌተር ማየት አትፈልግም። ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ድፎው ከዋዜማው ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ቄሱ መጥተው ባርከው ይቆርሱልናል፣ የተረፈውን ደግሞ ለሰፈሩ ጥበቃዎችና በር ላይ ለሚቀመጡት እናቶች አደርሳለሁ። ስራዬ መመላለስ ነው።

አሜሪካ ያለችው ልጄ ይሄ ሁሉ አይጥማትም። በቪዲዮ ትደውልና "አባዬ ጡረታ ማለት እረፍት እኮ ነው፣ ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የምትከሳው" ትለኛለች። ጡረታ ከመጦር ነው የመጣው እንጂ ከማረፍ አይደለም ብዬ መለስኩላት፣ እናቷ ከጎኔ ሆና "ደግሞ ቋንቋ አስተማሪ ሆነ" አለች። ለማንኛውም ትኬት ልላክልህ፣ የልጅ ልጆችህን ና እያቸው ብላኛለች፣ ሶስት ወር። ፍልሰታን እዚህ ጾሜ ከዛ እሄዳለሁ አልኳት። ያሳሰበኝ እድሩ አይደለም፣ መዝገቡን የሚይዝ አላጣም። ሐሙስ ነው ያሳሰበኝ።

ለሹፌሩ አባት ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙ። "መኪና መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ የለም፣ ተቀያሪ ሹፌር አምጣ" አሉኝ። እኔም ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ለምኜ ይዤ መሄድ ጀምሬያለሁ፣ ዩኒቨርስቲ ጨርሶ ስራ እየፈለገ ያለ ልጅ ነው፣ ባለፈው ሐሙስ ሳፋውን ሰጠሁትና እኔ ቆሜ አየሁ። ጎበዝ ነው፣ አይጸየፍም፣ እጁ ግን እንደኔው ይቸኩላል። ሽማግሌው ግራ እግራቸውን ሰጥተውት ዓይናቸውን ጨፍነው "ፍሬን... ፍሬን... አዎ፣ እንደሱ" እያሉት ነበር።