አራስ ቤት የገባ ጉንፋን

«ትኩሳት እኮ የለውም፣ ጉንፋን ነው» የሚባለውን ከደሴ እስከ ደላንታ ያልሰማ የለም። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ትኩሳት አለመኖሩ ብዙም አያጽናናም። ምክንያቱን ሳንባው ውስጥ እንፈልገው።

የአየር ከረጢቶችን የሚጠብቁት ማክሮፌጅ የተባሉት ሴሎች መነሻቸው የፅንሱ ጉበት ነው። ብስለታቸውን የሚጨርሱት ከልደት በኋላ ሲሆን፣ በአይጥ ላይ እንደታየው ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይሆናል። ለዚህም የሳንባው ሽፋን የሚያመነጨው ጂኤም-ሲኤስኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ አርኤስቪ (ጉንፋን መስሎ ጀምሮ የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃው ቫይረስ) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከገባ የሚያገኘው ገና ቦታውን እየያዘ ያለ ዘበኛ ነው።

ቫይረስ ሲገባ ጎረቤት ሴሎችን የሚያስጠነቅቀው ኢንተርፌሮን የተባለ ፕሮቲን ነው። ከእትብት ደም የተወሰዱ ሴሎች አርኤስቪ ሲገጥማቸው የሚያመነጩት ኢንተርፌሮን-አልፋ ከአዋቂው ያነሰ ነው። ቲ ሴሎች የተባሉት ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎቹም አብዛኞቹ ገና ጠላት አይተው አያውቁም፤ ቁጣን የሚያበርዱት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም በመካከላቸው በርካታ ናቸው። ይህን እንዲሁ ድክመት ማለት ግን ይከብደናል። ከአየር፣ ከአቧራና ከባክቴሪያ ጋር ገና የሚተዋወቅ ሳንባ ለሁሉም ቢቆጣ የሚጎዳው ራሱን ነው። ችግሩ ቫይረሱ ጊዜ ማግኘቱ ነው። በአይጥ ግልገሎች እንደታየው ደግሞ የተጎዳው የሳንባ ሽፋን አይኤል-33 የተባለ የማንቂያ ፕሮቲን ይለቃል፤ እሱ አይኤልሲ-2 የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ እነሱም አክታ የሚያበዛውን አይኤል-13 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ።

አክታው፣ የረገፈው ሽፋንና የሞቱት ነጭ የደም ሴሎች ተደባልቀው ቀጫጭን ቱቦዎችን ይደፍናሉ። የአንድ ቱቦ ራዲየስ በግማሽ ቢጠብ አየር የሚገጥመው እንቅፋት 16 እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ሰውነቱ ሳይሞቅ ሕፃኑ በትንፋሽ ሊደክም የሚችለው።

ስለዚህ ግንባሩን ከመዳሰስ ትንፋሹን መቁጠር ይሻላል። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገልጣችሁ የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ ጨቅላ አንዳንዴ ያፋጥናል፣ አንዳንዴ ረጋ ይላል። ከ2 ወር በታች ከሆነና 60 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ድጋሚ ቁጠሩ። ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ነገ አይባልም፣ ጤና ጣቢያ ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ጡት ካልያዘ መቁጠሩም አያስፈልግም፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ነው። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና በላይ ወይም ከ35.5 በታች መሆኑም የአደጋ ምልክት ነው። ቅዝቃዜውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጨቅላ የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ስለሆነ አፍንጫው ሲደፈን መጥባት ያቅተዋል። ከመጥባቱ በፊት ከፋርማሲ የተገዛ ኖርማል ሳላይን በየቀዳዳው 1 ወይም 2 ጠብታ ይረዳል፤ ጥቂት ጥቂት ግን ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ቅቤ ማዋጥ ይቅር፤ ወደ ሳንባ ከገባ ራሱ የሳንባ ምች ያመጣል። ማርም እስከ 1 ዓመት አይሰጥም። በቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም።

በደጋው «ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ የአራስ ቤት በር ይዘጋና ኩበት ይነድበታል፣ እጣኑ ይጨመርበታል። ጭስ አክታ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል፣ ማክሮፌጆቹንም ጥላሸት ያሸክማቸዋል። እናትና ልጅ በልብስ ይሙቁ፣ እሳቱ ማድቤት ይሁን፣ ቡናውም እዚያው ይፈላ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገንፎ ሊበላ የመጣ እንግዳ ካሳለው ከሩቅ ይመርቅ፤ ያልሳለውም እጁን ሳይታጠብ አይቀፍ። ቫይረሱን ቤት የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ግን ንፍጡ የሚወርደው ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱን መከልከሉ ነው ከባዱ።

የእናት ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል በብዛት የሚሻገረው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከዚህ ድርሻው ትንሽ ስለሆነ ከላይ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ለእሱ ይበልጥ ጥብቅ ይሁን። በእርግዝና ጊዜ ለእናት የሚሰጥ የአርኤስቪ ክትባት በ2023 አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 ቅድመ ብቃቱን አጽድቆለታል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር)።