አጭሩ ባንድ ሲያሳስት፦ ኤሲኢ ጂን ውስጥ የገባውን «አሉ» በፒሲአር የለየሁበት መንገድ

የደም ግፊትን ከሚቆጣጠሩት ኢንዛይሞች አንዱ የሚሠራበት ኤሲኢ ጂን ክሮሞሶም 17 ላይ ነው። 16ኛው ኢንትሮኑ (ወደ ፕሮቲን የማይተረጎም የጂን ክፍል) ውስጥ 287 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ) የሚረዝም «አሉ»፣ ማለትም እየተገለበጠ በጂኖም ውስጥ የሚሰካ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ የተሰካበት ቅጂ «አይ»፣ ያልተሰካበት «ዲ» ይባላል። «ዲ» ዴሊሽን ማለት ቢሆንም ስሙ ያሳስታል፤ የወጣ ነገር የለም፣ ቀድሞ የነበረው ባዶው ቦታ ነው።

«አሉ» የራሱ ፕሮቲን የለውም፤ ኤልዋን ከተባለ ሌላ ተሰኪ የዲኤንኤ ቁራጭ ኢንዛይም ይዋሳል። ኢንዛይሙ ቲ የበዛበት ቦታ ላይ አንዱን የዲኤንኤ ክር ይቆርጣል። የ«አሉ» አርኤንኤ በኤ ጭራው እነዚያ ቲዎች ላይ ይለጠፋል፣ ኢንዛይሙም ከተቆረጠው ጫፍ ተነሥቶ እዚያው ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ክር ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ስለሚቆረጥ፣ ክፍተቱ ሲሞላ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት አጭር ድግግሞሽ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 20 ቤዝ።

ለፒሲአር፣ ማለትም አንድን የዲኤንኤ ክፍል ለሚያባዛው ዘዴ፣ በ25 ማይክሮሊትር ውስጥ 50 ናኖግራም ዲኤንኤ፣ 1.5 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ ከየፕራይመሩ (የሚባዛው ክፍል ዳርና ዳር ከሚለጠፉት አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች) 0.4 ማይክሮሞላር አደረግሁ። 94 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ 58 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ 72 ዲግሪ 1 ደቂቃ፤ 35 ዙር። ቁራጮቹን በርዝመታቸው ለይቶ እንደ መስመር (ባንድ) በሚያሳይ 2 በመቶ አጋሮስ ጄል ላይ «አይ» 490፣ «ዲ» 190 ቤዝ ጥንድ ላይ ይታያል።

በመጀመሪያው ጄል ዲዲ (ሁለቱም ቅጂው «ዲ» የሆነ) ከሚጠበቀው በላይ በዛ። ምክንያቱ ሽሚያ ነው፦ ሁለቱም ቅጂ ባለበት ቱቦ ውስጥ አጭሩ ቶሎ ይባዛል፣ ረጅሙ ደግሞ ጂና ሲ የበዛበት ስለሆነ የፒሲአሩን ኢንዛይም ያዘገየዋል። የ490ው ባንድ ይደበዝዛል ወይም ጭራሽ ይጠፋል፤ አይዲ (አንድ «አይ» አንድ «ዲ» ያለው) የሆነው ሰው ዲዲ ተብሎ ይመዘገባል። ዲኤንኤው የተቆራረጠ ከሆነ ይብሳል።

ጂና ሲ የበዛበትን ዲኤንኤ የሚያላላውን ዲኤምኤስኦ የተባለ ፈሳሽ 5 በመቶ መጨመር ብዙውን አስተካከለ፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ዲዲ የወጣውን ናሙና ሁሉ አንድ ፕራይመሩ «አሉ» ውስጥ በሚያርፍ ሁለተኛ ፒሲአር ደገምኩት። 335 ቤዝ ጥንድ ላይ ባንድ ከታየ «አይ» አለበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ፕራይመሩ የሚለጠፍበት ሙቀት (ቀድሞ 58 የነበረው) 67 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በጂኖማችን ከ1 ሚሊዮን በላይ «አሉ» ስላለ፣ ዝቅ ካለ ፕራይመሩ ሌላ ቦታ ይለጠፋል።

አይዲ ላይ ከ490 ትንሽ ከፍ ብሎ ሦስተኛ ባንድ ቢታይ አዲስ ቅጂ አይደለም፤ የረጅሙና የአጭሩ ክር ተጣምረው ጄሉ ላይ የዘገዩት ነው። ፒሲአር በተሠራ ቁጥር አይዲነቱ የተረጋገጠ አንድ ናሙናና ዲኤንኤ የሌለበት አንድ ቱቦ አብረው ይግቡ፤ የታወቀው አይዲ ሁለት ባንድ ካላሳየ ያንን ጄል አላነብም።